ግድግዳው ሲያልብ

ክረምት ሊገባ ሲል የከተማ እናት ሐሳቧ ይበዛል። በርበሬው ከዝናቡ በፊት እንዲፈጭላት፣ ከሰል ሳይወደድ እንድትሸምት፣ አምና ያፈሰሰው ጣራ ሚስማሩ እንዲመታ፣ የልጆቹ ጫማ ውሃ የሚያስገባ እንዳይሆን፣ ይህን ሁሉ ታስባለች። ግድግዳዋን የምታስብ ግን ብዙም አላጋጠመችኝም። እኔም ከማያስቡት አንዷ ነበርሁ። በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አመጋገብ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ቤት ወጪ አያያዝ ለሌሎች እናቶች ስጽፍ ዓመታት ያለፉኝ ሰው በመሆኔ፣ የዛሬውን የምጽፈው በመጠኑ እያፈርሁ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ገባን። ግቢው ተዳፋት ተቆርጦ የተደለደለ ስለሆነ የቤቱ የኋላ ግድግዳ ከአፈሩ ጋር ተጠግቶ የቆመ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ቤቱ ደስ ይላል። ግድግዳው በጥሩ ሁኔታ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ኮርኒስም አለው። የገባነው በግንቦት ፀሐይ ነበርና ሁሉም ነገር ደረቅና ብሩህ ሆኖ ታየን። ከግንቦት ወዲያ ያለውን ማን አሰበ?

ሐምሌ ሲጋመስ ትንሹ ልጄ ማሳል ጀመረ። ያን ጊዜ አራት ዓመቱ ነበር። ቀን ቀን ደኅና ይጫወታል፤ ማታ ከተኛ በኋላ ግን ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ ወደ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሳሉ ቁጭ አድርጎ ያሳድረዋል። እናት የምታደርገውን ሁሉ አደረግሁ። ዝንጅብል በማር አጠጣሁት፣ ደረቱን አሸሁት፣ ጋቢ ደረብሁለት። ብርድ ነው ብዬ መስኮቱን ጠርቅሜ ዘጋሁ፤ በመስኮቱ ጠርዝ ነፋስ የሚያስገባውን ቀዳዳ ሳይቀር በአሮጌ ጨርቅ ደፈንሁት። አልጋውንም ከበሩ አንሥቼ ወደ ጓዳ ጥግ፣ ከኋለኛው ግድግዳና ከጎኑ ግድግዳ መገናኛ አስጠጋሁለት። ይህ ሁሉ ለደግ ነበር።

ሳሉ ባሰበት እንጂ አልቀነሰም። ሁለት ጊዜ መድኃኒት ታዘዘለት፤ ሲወስድ ይሻለዋል፣ ሲጨርስ ይመለሳል። በሦስተኛው ጊዜ ጤና ጣቢያ የተቀበለችን ነርስ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ልጅ ነበረች። ደረቱን ካዳመጠች በኋላ ስለ ምግቡ አልጠየቀችኝም። «የት ነው የሚተኛው? ቤታችሁስ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ቤታችን ንጹሕ ነው» አልኋት፤ ትንሽም ቅር ብሎኛል።

«ንጽሕናውንማ አይቼሻለሁ፤ እኔ የጠየቅሁሽ ደረቅ መሆኑን ነው» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ደረቅ ይሁን እርጥብ አላውቅም ነበር።

እቤት እንደ ደረስሁ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ አልጋውን ከግድግዳው ሳብሁት። ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ግድግዳው ጠቁሯል። ከሩቅ ሲያዩት ጥላሸት ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ግን እንደ ብናኝ በርበሬ ነጠብጣብ እያለ የተዘራ፣ በመካከሉም አረንጓዴና ነጭ ጠጉር ያወጣ ሻጋታ ነው። የልጄ ትራስ ከዚያ ላይ ተደግፎ ከርሟል። ፍራሹን ስገለብጠው ከሥሩ እንደ እርጥብ አፈር ሸተተኝ። ቁም ሣጥኑን ከባለቤቴ ጋር ገፋነው፤ የጀርባው ኮምፔንሳቶ አብጦ ተላጧል።

ከቁም ሣጥኑ ሥር የሻንጣ ክምር ነበረ። ከታች ባለው ሻንጣ ውስጥ እናቴ በሞት ስትለየኝ የደረሰኝ ጥበብ ቀሚሷ ተቀምጧል። በላስቲክ ጠቅልዬ ነበር ያስቀመጥሁት፤ ይጠብቀዋል ብዬ። ላስቲኩ እርጥበቱን አፍኖ ይዞት ኖሮ ቀሚሱ ከጥለቱ እስከ ወገቡ በጥቁርና በቢጫ ነጥብ ተበልቷል። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ባለቤቴ ሊያጽናናኝ ፈልጎ «ፔኒሲሊንም እኮ የተገኘው ከሻጋታ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንግሊዝ አገር የነበረው ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው ከሻጋታ ነው። ግን ያ ሻጋታ የነበረው በሐኪም ሳህን ላይ ነው እንጂ በልጅ ትራስ ላይ አልነበረም።

በማግስቱ አከራያችንን ጠርቼ አሳየኋቸው። ባልቴት ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። ግድግዳውን አዩና «ከእናንተ በፊት የነበሩት እንዲህ ብለውኝ አያውቁም፤ ይሄ ያንቺ ጨርቅ ማስጫ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ። እኔም «እማማ፣ ቤትዎ ውሃ ከአፈር እየጠጣ እንዴት በጨርቄ ያሳብባሉ?» አልኋቸው። ድምፃችን ከፍ አለ። ያን ቀን ተኳርፈን ተለያየን፤ ለአንድ ሳምንትም ያህል በግቢው ስንተላለፍ ሰላምታችን በግንባር ብቻ ሆነ።

ሁለታችንም ልክ እንደ ነበርን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ለካ ሁለት ዓይነት ውሃ ነበር። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎችን እየጠየቅሁ፣ የተጻፈውንም እያነበብሁ የተረዳሁትን በቤት ቋንቋ ልንገራችሁ።

አየር ውሃ ይሸከማል። ሲሞቅ ብዙ ይሸከማል፣ ሲቀዘቅዝ ትንሽ። ሃያ ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም የሚደርስ ውሃ በእንፋሎት መልክ መያዝ ይችላል፤ ወደ ዐሥር ዲግሪ ሲወርድ የሚችለው 9 ግራም ያህል ብቻ ነው። ወጥ ሲንተከተክ የድስቱን ክዳን ያነሣች ሁሉ ይህን ታውቀዋለች፤ ከክዳኑ ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ከወጡ የወጣ እንፋሎት ነው፣ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ወደ ውሃነት ተመለሰ። አሁን የኔን መኝታ ክፍል አስቡት። ሦስት በአራት ሜትር ነው፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል። ማታ እራት ሲሠራበት፣ ሰው ሲበዛበት ይሞቃል፤ አየሩ እስከሚችለው ውሃ ይጠጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ ሌሊት ብርዱ ወደ ዐሥር ዲግሪ ይወርዳል። አየሩ እስከዚያ ከቀዘቀዘ ከዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ብርጭቆ የሚያህል ውሃ የሚሸከመው ያጣል ማለት ነው። ያ ውሃ ቦታ ይፈልጋል፤ ከሁሉ የቀዘቀዘውን ነገር ይመርጣል፤ የመስኮቱን መስታወት፣ ቆርቆሮውን፣ ከውጭ ብርድ የሚመታውን ግድግዳ፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ያለውን ሙቀት የማይደርስበትን ጥግ። ኮርኒስ በሌለው ቤት የኖራችሁ፣ ዝናብ ሳይኖር ንጋት ላይ ቆርቆሮው ፊታችሁ ላይ ጠብ ሲል ታስታውሱት ይሆናል። ጣራው ቀዳዳ የለውም፤ ያ የራሳችሁ ትንፋሽ ነው።

ትንፋሽ ይህን ያህል ነው ወይ? አንድ ሰው ስምንት ሰዓት ሲተኛ በትንፋሽና በላቡ ሲሦ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ወደ ክፍሉ ይለቃል። እኛ አራት ነን። በዚያ ላይ ማብሰል አለ፣ ገላ መታጠብ አለ። ደግሞ የማያስቡት ነገር አለ፤ ነዳጅ ሲነድ ውሃ ይወልዳል። አንድ ሊትር ላምባ ሲቃጠል ከአንድ ሊትር የማያንስ ውሃ በእንፋሎት ይወጣዋል። 12.5 ኪሎ የሚይዘው የቡታጋዝ ሲሊንደር ነዶ እስኪያልቅ ከ18 ሊትር በላይ ውሃ ወደ ቤቱ አየር ይጨምራል፤ አንድ ጀሪካን ማለት ነው። የጨርቁ ነገር ሲነሣ ግን እማማ ፊት ሽንፈቴን አምናለሁ። ሐምሌን ሙሉ ውጭ አልደርቅ ሲለኝ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ገመድ ወጥሬ የልጆቹን ልብስ የማሰጣው እዚያ ነበር። በእጅ የተጨመቀ የአንድ ቀን እጥበት ሁለት ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ይዞ ነው ገመድ ላይ የሚወጣው። ጨርቁ ሲደርቅ «ተመስገን ደረቀ» እላለሁ፤ ውሃው የት ሄደ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ታዲያ የትኛው ውሃ ከአፈሩ፣ የትኛው ከእኛ እንደሆነ እንዴት ይለያል? ይህን አንድ የግንባታ ሠራተኛ የሆነ የባለቤቴ ወዳጅ አስተማረን፤ ወጪው የሁለት ክንድ ላስቲክና የአንድ ስኮች ዋጋ ነው። ግድግዳውን በጨርቅ አድርቃችሁ፣ ክንድ በክንድ የሆነ ነጭ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ ነፋስ እንዳይገባው አድርጋችሁ በስኮች ትለጥፋላችሁ። ለሁለት ቀን ትተዉታላችሁ። ላብ የመሰለው ውሃ ወደ ክፍሉ ባለው በላስቲኩ ፊት ላይ ከታየ፣ ከክፍሉ አየር የመጣ ነው። ፊቱ ደረቅ ሆኖ ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከታየ ደግሞ፣ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ እየወጣ ነው።

ሁለት ቦታ ለጠፍን። ከጎኑ ግድግዳ ላይ ውሃው በእኛ በኩል ሆነ። ከኋለኛው ግድግዳ ላይ፣ ከታች፣ ውሃው ከጀርባ ሆነ። ላስቲኩን ሳልነቅለው እማማን ጠራኋቸው። ዝቅ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት። «ይሄኛው ያንቺ፣ ያኛው የኔ» አሉና ሣቅ አሉ። ኩርፊያችን በዚያ አበቃ።

የእሳቸውን ድርሻ እንዲህ አድርገን ሠራነው። ከቤቱ ጀርባ አፈሩ በየክረምቱ እየተንሸራተተ ከወለላችን ደረጃ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎታል፤ ጣራው ደግሞ አሸንዳ ስለሌለው የሚወርደው ውሃ ሁሉ የሚያርፈው እዚያው አፈር ላይ ነው። በአዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከሚዘንበው ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ የሚወርድ መሆኑን አስቡት። እሳቸው አሸንዳ አስገጠሙ፤ እኛ የቀን ሠራተኛ ቀጥረን አፈሩን ከወለሉ ደረጃ በታች አስወጣን፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቆም ወደ ታች የሚያዘነብል ቦይ አስቆፈርን፣ ቦዩንም በጠጠር ሞላነው። ሥራው ቅዳሜና እሑድን ወሰደ። የከፈልነውን እማማ በሁለት ወር ኪራይ ላይ አሰቡልን። በቃል የተስማማነውን በወረቀት ላይ አስፍረን ተፈራረምን፤ ከሰው ጋር ስትኖሩ ይህን አትናቁት።

እውነቱን ለመናገር የእኛ ድርሻ የበለጠ አስቸገረ። አፈር በአካፋ ይነሣል፣ ልማድ ግን በአካፋ አይነሣም። እኛ ዘንድ ነፋስ ይፈራል። ልጅ ነፋስ መታው፣ አራስ ነፋስ እንዳያገኛት፣ ላብ ላይ እንዳለ በር አይከፈት ይባላል። አማቴ ከአገር ቤት መጥተው አብረውን በነበሩበት ሰሞን እኔ መስኮት እከፍታለሁ፣ እሳቸው ከኋላዬ ይዘጋሉ። ሳልከራከር አንድ መላ አገኘሁ። በክረምት አብዛኛውን ጊዜ ጧት ጋብ ይልና ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ልጆቹን ቁርስ ሳበላ መኝታ ክፍሉ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት መስኮቱንና በሩን ፊት ለፊት ወለል አድርጌ ለሩብ ሰዓት እከፍታለሁ። ሌሊቱን የተነፈስነው ሁሉ ይወጣል፤ ግድግዳውና ዕቃው ለመቀዝቀዝ ጊዜ ስለማያገኝ ክፍሉ ተመልሶ ይሞቃል። ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ ከመተው ይልቅ ይህ ይሻላል፤ ገርበብ ያለ መስኮት ግድግዳውን ያቀዘቅዛል እንጂ አየሩን ቶሎ አይለውጥም። አማቴም ልጁ በሌለበት ክፍል ነፋስ ቢገባ ተቃውሞ አልነበራቸውም።

የመስኮቱ መስታወት ጧት ያላበውን ውሃ በጨርቅ አብሼ ጨርቁን ውጭ እጨምቀዋለሁ። ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ያ ውሃ ካልተነሣ ቀን ተመልሶ አየር ላይ ይወጣና ሌሊት ግድግዳው ላይ ያርፋል። ድስት ያለ ክዳን አላፈላም። ልብስ የማሰጣው በበረንዳው ክፈፍ ሥር ነው፤ ሁለት ቀን ይፈጅ እንጂ ይደርቃል። የግድ ቤት ውስጥ መስቀል ካለብኝም ሰው በማይተኛበት ክፍል፣ የመኝታውን በር ዘግቼ፣ መስኮት ከፍቼ ነው። አልጋውንም ቁም ሣጥኑንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አራቅናቸው። ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈው የሚያሳድሩ እናቶች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ከሥሩ የዕቃ ማሸጊያ ጣውላ ርብራብ ይኑርበት፣ ጧት ጧትም ፍራሹ በጎኑ ይቁም። የሰው ሙቀትና ላብ ወደ ታች ወርዶ ቀዝቃዛውን ሲሚንቶ ሲያገኝ ከድስት ክዳን የሚለይ ነገር የለውም።

ሻጋታውን ስለ ማጽዳት ደግሞ ሁለት ስሕተት ሠርቻለሁና እናንተ አትድገሙት። መጀመሪያ በደረቅ መጥረጊያ ጠረግሁት። የሻጋታ ዘር ከዱቄት የረቀቀ ብናኝ ነው፤ ስጠርገው በክፍሉ ሁሉ በተንሁት፣ ያን ለሊት ልጄ ከቀድሞው የከፋ አሳለ። ሁለተኛ፣ ቀለም ቀባሁበት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ጥቁሩ ነጥብ ቀለሙን ሰንጥቆ ወጣ። መደረግ ያለበት ይህ ነው። ልጆችን ከክፍሉ አስወጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ አፍና አፍንጫችሁን በማስክ፣ እጃችሁን በጓንት ሸፍኑ። በመጀመሪያ በሳሙናና በውሃ በራሰ ጨርቅ እሹት፣ ጨርቁንም አትመልሱት፤ ጣሉት። ከዚያ በአራት ሊትር ውሃ ከአንድ ብርጭቆ ያልበለጠ በረኪና በጥብጣችሁ ቀቡት፣ ጥቂት ቆይቶ በንጹሕ ውሃ ይታበስ፣ በደንብም ይድረቅ። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጭስ ሳንባን የሚያቃጥል መርዝ ነው። ይጠነክርልኛል ብላ ሁለቱን ቀላቅላ ራሷን ልትስት የደረሰች የቢሮ ባልደረባ አለችኝ። አብጦ የተላጠ ኮምፔንሳቶ፣ የሻገተ የኮርኒስ አቡጀዴ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ አይጸዳም፤ ይነሣ። (ጋዜጣ የምሠራ ሰው ስሆን ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም፤ ግን ወረቀትና ሙጫ ለሻጋታ ከእንጀራ አይተናነሱም።)

ከደረቀ በኋላ የታችኛውን ግድግዳ ኖራ ቀባነው። የዱሮዎቹ ቤቶች በኖራ የሚነጡት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ኖራ የሻጋታ ጠላት ነው፣ ግድግዳውንም አያፍነውም። የዘይት ቀለም ግን እርጥበት ያለበትን ግድግዳ ያሽገዋል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ኖራ ስትቀቡ ዐይናችሁን ጠብቁ፣ ያቃጥላል።

አንድ ነገር በብርቱ ልናገር። ብዙ ቤት እርጥበቱን ለማድረቅ፣ ልጅንም ለማሞቅ ተብሎ ከሰል አቀጣጥሎ መኝታ ቤት ማስገባት የተለመደ ነው። ከሰል ጭስ የለውምና ደኅና ይመስላል። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ መስኮት በተዘጋበት ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው እንደ ተኛ ይቀራል። በየክረምቱ በዚህ የሚጠፋ ቤተሰብ አለ። ልጁ ከበረደው ልብስ ይደረብለት፣ ትኩስ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ እግሩ ሥር ይደረግለት። ምድጃው ውጭ ይደር።

ይህን ሳነሣ «እኛ ኮንዶሚኒየም ነን፣ ይህ የጭቃ ቤትና የኪራይ ቤት ጉዳይ ነው» የሚሉ አይጠፉም። አንዲት ጓደኛዬ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ አፈር አይነካት፣ ጣራ አያፈስባት። መታጠቢያ ቤቷ ግን እስከ ኮርኒሱ ጠቁሯል። ሻወሩን ከተጠቀሙ በኋላ በሩን ወደ ሳሎን ይከፍቱታል፤ የአየር ማስወጫዋ ቀዳዳ በረሮ ይገባባታል ተብሎ በፌስታል ተወትፋለች። በረንዳውንም በመስታወት አሳሽጋ ማድቤት አድርጋዋለች። ብሎኬትና ኮንክሪት እንደ ጭቃና ጭድ እርጥበት አይጠጣም፤ ያገኘውን ሁሉ ላዩ ላይ ያወጣዋል። ፌስታሉን አስወጥተን በምትኩ ወንፊት ሽቦ አደረግንባት፤ ከሻወር በኋላም የበሩ ሳይሆን የውጩ ቀዳዳ እንዲሠራ በሩ ይዘጋል። አሁን ጥቁሩ አልተመለሰባትም።

የጤናውን ጉዳይ በልኩ ማስቀመጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥብና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳልና ለደረት ሕመም፣ አስም ያለባቸውም ለመባባሱ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አስረድቷል። ይህ ማለት ግን ሳል ሁሉ ከሻጋታ ነው ማለት አይደለም። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ልጁ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ከሰረጎደ፣ ትኩሳት ከያዘው ግድግዳ ከመፈተሽ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የኔም ልጅ በኋላ አስም እንዳለበት ታውቋል፤ የሚነፋ መድኃኒት አለው። ሻጋታው አስሙን አመጣው ወይስ የነበረውን ቀሰቀሰው፣ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ ለይቶ መናገር እንደማይቻል ነገረኝ። ያን መስኮት የደፈንሁበትን ጨርቅ ሳስብ ግን አሁንም ሆዴ ይባባል።

የእናቴን ቀሚስ ሽሮ ሜዳ ላሉ ሸማኔዎች አሳየኋቸው። ከወገቡ በታች ያለው የሚሆን አልነበረም። ጥበቡን ከደረቱና ከእጅጌው ፈትተው በአዲስ ነጠላ ላይ ሰፉልኝ። በላስቲክ አልጠቀልለውም፤ በጥጥ ጨርቅ ሸፍኜ ከላይኛው መደርደሪያ አኖራለሁ፣ ፀሐይ በወጣ ቁጥርም አወጣዋለሁ።

በኋለኛው ግድግዳ ላይ፣ ኖራው ከመቀባቱ በፊት እርጥበቱ የደረሰበትን ከፍታ በእርሳስ አስምሬ ቀኑን ጽፌበት ነበር። በየክረምቱ አዲስ መስመር አሰምራለሁ። የ2014ቱ ከመጀመሪያው በአንድ ስንዝር ዝቅ አለ፤ የ2015ቱ ከወለሉ አራት ጣት ብቻ ነበር። ልጁ አሁን ራሱ ነው እየለካ የሚነግረኝ።

ባለፈው ክረምት እማማ መጡና «ያቺን ላስቲክ በኔም መኝታ ቤት ለጥፊልኝ፤ ግድግዳዬ ጠቁሯል፣ ከላይ ካለው ጎረቤት ቦይ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። ለጠፍሁላቸው። በሦስተኛው ቀን ጧት መብራት አብርተን አብረን አየነው። ውሃው በክፍሉ በኩል ነበር። እማማ ላስቲኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከአልጋቸው በላይ የተሰቀለውን እርጥብ ነጠላ አዩ። ምንም አላሉም፤ ሄደው መስኮቱን ከፈቱት።